«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እና ሌሎች ስለ መንግሥት የምናምናቸው ስህተቶች

ቋንቋችንም የጥፋቱ ተካፋይ ነው። «መንግሥት» የሚለው ቃል የወጣው «ነገሠ» ከሚለው ግስ ነው። ንጉሡ ከዙፋኑ ከወረደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፍም ቃሉ ከነግርማው አብሮን ቀርቷል። ስለዚህ «መንግሥት» ሲባል ፊታችን ላይ ድቅን የሚለው ደመወዝ የሚከፈለው ተቀጣሪ ሳይሆን ደጁን የምንጠናው ጌታ ነው። ስለ ሥልጣኑ የምናምናቸው ብዙዎቹ ነገሮችም የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»

ምሳሌው ስለ ንጉሡ እውነቱን ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2137 በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የጥፋት ኃላፊነት ክስ ማቅረብ እንደማይቻል በግልጽ ጽፏል። የሚገርመው ግን ጥቂት ቁጥሮች ከፍ ብሎ ያለው ነው። ቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ሰውን ከጎዳ ራሱ እንዲክስ ያዛል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ተጎጂው ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥትም የከፈለውን ከሠራተኛው ላይ ይጠይቃል። በጃንሆይ ዘመን እንኳ ንጉሥ ባይከሰስ መንግሥት ይከሰስ ነበር ማለት ነው። ንጉሡ ዛሬ የሉም፤ ቁጥር 2126 ግን አለ። ምሳሌውን ከአያቶቻችን ስንወርስ ይህን አንቀጽ የነገረን አልነበረም።

«ፖሊስ 48 ሰዓት የማሰር መብት አለው»

ይህን ከጠበቆች አፍ ሳይቀር ሰምቻለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የሚለው የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ነው፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ተገቢ የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። 48 ሰዓቱ የፖሊስ የመጨረሻ ገደብ እንጂ ያለ ምክንያት ሰውን አስሮ ለማቆየት የተሰጠ ነጻ ጊዜ አይደለም። ለመያዝ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ምክንያት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ወዲያውኑ፣ ለተያዘው ሰው በሚገባው ቋንቋ መነገር አለበት። ፖሊስ በጊዜው ካላቀረበው ሰውየው ወይም ቤተሰቡ «አካልን ነጻ የማውጣት» አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላሉ። ብዙ ቤተሰብ ግን ይህን ስለማያውቅ ስንቅ ቋጥሮ ጣቢያ በር ላይ ይሰነብታል።

ከዚያ የሚመጣው «የጊዜ ቀጠሮ» ነው፤ ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ተጠርጣሪውን አስሮ እንዲያቆይ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ጊዜ ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ከልክሏል። ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን ቁጥር አላስቀመጠም። በእኔ እምነት የሕጉ ትልቁ ቀዳዳ ይኸው ነው። አሥራ አራት ቀን ሲደራረብ ወራት ይሆናል፤ እያንዳንዱ ቀጠሮ ለብቻው ሲታይ ግን ሕጋዊ ነው። ስለዚህ የቀጠሮው ቀን ሲደርስ «ፖሊስ ባለፉት 14 ቀናት ምን ሠራ?» ብሎ መጠየቅ የዳኛውም የጠበቃውም ድርሻ ነው።

ብርበራም እንዲሁ ነው። ያው የ1954 ሕግ ፍርድ ቤት በግልጽ ካላዘዘ በስተቀር በማዘዣ የሚደረግ ብርበራ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት በር ሲንኳኳ ማዘዣውን ልይ ማለት ድፍረት አይደለም።

«ሰልፍ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅን ነው። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ሰዓቱ አይመችም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ያቀርባል፤ በየትኛውም ቦታና ጊዜ ሰልፉ አይደረግም ማለት ግን አይችልም። በተግባር «ማሳወቅ» ወደ «ማስፈቀድ» ተቀይሯል። ጋዜጦቻችንም «ሰልፉ ተፈቀደ» እያሉ በመጻፍ ለውጡን አግዘዋል።

«መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ቤቴም የመንግሥት ነው»

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት «የመንግሥትና የሕዝብ» ብቻ ነው ይላል፤ እኛ ስንጠቅሰው «የሕዝብ» የሚለውን ቆርጠን እንጥለዋለን። በመሬቱ ላይ በጉልበትህ ወይም በገንዘብህ የሠራኸው ቤት፣ የተከልከው ዛፍ፣ ያሻሻልከው ማሳ የአንተ ነው። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሊወስደው ይችላል፤ ግን ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ ከፍሎ ነው። «አስቀድሞ» የምትለዋ ቃል በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለች፤ ቤት ከፈረሰ በኋላ በሚደረግ ስብሰባ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አትገኝም።

«መንግሥት መንገድ ሠራልን»

ባጭሩ፦ የሠራው በእኛ ገንዘብ ነው። የደመወዝ ግብር ባይቆረጥብህም እንኳ ሳሙና ስትገዛ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ትከፍላለህ። «ልን» የሚለውን ቅጥያ ለእንግዳ ጋባዥ ማስቀመጥ ይሻላል።

«አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ ሕገ መንግሥቱ ታግዷል»

አንቀጽ 93 ለመንግሥት ሰፊ ሥልጣን ይሰጣል፤ ግን አጥር አለው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ካጸደቀው አዋጁ የሚቆየው እስከ ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ በኋላ በየአራት ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልታደሰ ያበቃል። በመስከረም 2009 የታወጀው አንድ ጊዜ ታድሶ አሥር ወር ቆይቷል። ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት አንቀጽ 25 በአስቸኳይ ጊዜም አይነኩም። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም የታሰሩትን ሰዎች ስም ከነምክንያቱ በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። በሚቀጥለው ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ዝርዝሩ የት እንደተለጠፈ መጠየቅ ይቻላል።

«ሕገ መንግሥቱ ላይ ስላለ ዳኛው ይሽርልኛል»

ይህኛው ስህተት ከሌሎቹ በተቃራኒ ነው፤ የሚሳሳቱትም የተማርን የምንባለው ነን። በኢትዮጵያ አንድን ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ዋጋ የማሳጣት ሥልጣን ያለው መደበኛው ፍርድ ቤት አይደለም። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ጉዳዩን አጣርቶ የሚያቀርብለትም 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ ነው። የመጨረሻው ቃል የፖለቲካ ሰዎች ነው ማለት ነው። አንቀጽ በቃል ሸምድዶ ችሎት ለሚገባ ሰው ይህ መራራ ዜና ነው።

«መመሪያው አይፈቅድም»

በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለአንድ ማስረጃ ለሦስተኛ ጊዜ ተመላልሼ ነበር። መስኮቱ ላይ «ሲስተም የለም» የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል፤ ጠርዙ ከመክረሙ ብዛት ቡናማ ሆኗል። ሠራተኛዋ ወረቀቴን አየችና «መመሪያው አይፈቅድም» አለችኝ። የመመሪያውን ቁጥር ጠየቅኋት። ሳጥን ፋይል አገላብጣ ያመጣችው ቀንም ቁጥርም የሌለው፣ ማኅተሙ በግማሽ የተቆረጠ ፎቶ ኮፒ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 መመሪያ ረቂቅ ሳለ ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ፣ ከጸደቀ በኋላም ተመዝግቦ በድረ ገጽ እንዲወጣ ያዛል። ያልተመዘገበና ያልወጣ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም። ውሳኔም ምክንያቱ ተጽፎ ሊሰጥ ይገባል፤ ያልተስማማ ሰው እስከ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ይህን ሁሉ ለሠራተኛዋ አልተረክኩም። «እንግዲያው የተከለከልኩበትን ምክንያት በጽሑፍ ይስጡኝ» አልኩ ብቻ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «በጽሑፍ?» ወደ ኃላፊዋ ገባች። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይታ ስትመለስ ወረቀቴ ላይ ማኅተም አርፎበታል።

«ለዛሬ ይሁንልዎ» አለችኝ።

ከኋላዬ ጃንጥላ የተደገፉ አዛውንት ነበሩ። «ልጄ፣ ምን ብለሃት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ወደ መስኮቱ ሲጠጉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፦ «በጽሑፍ... በጽሑፍ...»