ስግድ ምንድን ነው? ሃምሳ ቀን ተቆጥሮ የሚመጣው የጋራ ንስሐ

አብዛኛው ሰው ስግድን የሚያውቀው በፎቶ ነው። ነጭ የለበሱ እናቶች፣ ባለ ጥልፍ ዣንጥላ ሥር የቆሙ ቄሶች፣ ከኋላቸው ኢየሩሳሌም። ሥሩ ላይ "የኢትዮጵያ አይሁዶች በዓል" የሚል አንድ መስመር ይጻፍበታል፣ አለቀ። ያ ሁሉ ሰው እዚያ ቆሞ ምን እየለመነ እንደሆነ ግን የሚነግርህ ብዙም አታገኝም።

መጀመሪያ መሠረታዊውን ነገር እንበል። ስግድ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ የጾም፣ የጸሎትና የደስታ ቀን ነው። በዕብራውያን አቆጣጠር ሔሽቫን በሚባለው ወር በ29 ይውላል፤ በእኛ ሲቆጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ህዳር ላይ ይወድቃል። ቅዳሜ ላይ ከዋለ እስራኤል ውስጥ ወደ ሐሙስ ይሳባል። ከዮም ኪፑር፣ ማለትም ቤተ እስራኤል አስተስርዮ ከሚሉት የንስሐ ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ደግሞ ሃምሳኛው ቀን ነው። ይቺን ቁጥር ያዝልኝ።

አስተስርዮ ላይ ሰው ከፈጣሪው ጋር ሒሳቡን ያወራርዳል። እርግጥ ያን ቀንም ጸሎቱ "በደልን" እየተባለ በጋራ ነው የሚጸለየው። ቢሆንም ጾመኛው ልቡ ውስጥ የሚያብሰለስለው የራሱን ነው፤ ማንን አስቀየምኩ፣ የት ዋሸሁ፣ ምን ቃል አጠፍኩ እያለ። ከዚያ ሃምሳ ቀን ይቆጠራል። ስግድ ላይ የሚቀርበው ሒሳብ የሕዝቡ ነው። ኪዳኑን ጠብቀናል ወይ? ለምን ተበታተንን? አንዳችን ላንዳችን ምን ሆንን? ይህን ሒሳብ ማንም ቤቱ ተቀምጦ፣ በሩን ዘግቶ፣ ብቻውን ጾሞ ሊጨርሰው አይችልም። ለዚህም ነው የተጣሉ ሰዎች ከበዓሉ በፊት መታረቅ አለባቸው የሚባለው። ከጎረቤትህ ጋር ተኳርፈህ "እኛን ይቅር በለን" ብትል የትኛው እኛ ነው?

ሐሳቡ ከመጽሐፍ የመጣ ነው። ነህምያ ምዕራፍ 9ን ክፈት። ከባቢሎን ምርኮ የተመለሱት ሰዎች ማቅ ለብሰው፣ ራሳቸው ላይ ትቢያ ነስንሰው ይሰበሰባሉ። የቀኑን ሩብ ሕጉ ይነበብላቸዋል፣ ሌላውን ሩብ ይናዘዛሉ፣ ይሰግዳሉ። የሚናዘዙት ደግሞ የራሳቸውን ብቻ አይደለም፤ የአባቶቻቸውንም ኃጢአት ነው። በስግድ የሚነበበው ኦሪት ዘሌዋውያን 26ም ያንኑ ይላል። ለዛሬ ሰው ይሄ ክፍል አይዋጥም፣ "ያልሠራሁትን ለምን እናዘዛለሁ?" ይላል። እኔ ግን የበዓሉ ጉልበት ያለው እዚሁ ላይ ይመስለኛል። የአባቶችህን በረከት ስትወርስ ማንም አላስገደደህም፤ ዕዳቸው ሲመጣ "እኔ አላውቃቸውም" ማለት አያምርም።

አገር ቤት ሳሉ እንዴት ነበር? ቤተ እስራኤል በጎንደር ዙሪያ፣ በወገራ፣ በሰሜን፣ በወልቃይት፣ እስከ ትግራይ ድረስ በትናንሽ መንደሮች ተበታትነው ነበር የሚኖሩት። አራሽ፣ አንጥረኛ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። አብዛኛውን ዓመት አንዱ መንደር የሌላውን ወሬ የሚሰማው በመንገደኛ ነው። ስግድ ሲደርስ ግን ሰው ስንቁን ይዞ፣ ሩቅ ያለው ቀናት በእግር ተጉዞ፣ እንደ አምቦበር ወዳሉ ቦታዎች ይመጣል። ገላውን ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብሱን ለብሶ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ኦሪቱን የያዙትን ቄሶች ተከትሎ ተራራ ይወጣል። ተራራ የሆነው በሲና ምሳሌ ነው፤ ዘጸአት 19 እና 20፣ አሥርቱ ትእዛዛት የተሰጡበት ታሪክ፣ እዚያው ይነበባል። ንባቡ በግዕዝ ነው፤ ከዚያ ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጎማል።

እና ድንጋዩ። ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ራሱ ወይም ትከሻው ላይ ድንጋይ ይሸከም ነበር። ለፈረንጅ ይሄ ረጅም ማብራሪያ ይፈልጋል፣ ላንተ ግን አይመስለኝም። በእኛ አገር የበደለ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ፣ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ተበዳዩ እግር ላይ ይወድቃል፤ "ተነሥ፣ ይቅር ብያለሁ" እስኪባል ድረስ ቀና አይልም። ስግድ ላይ ያንን ድንጋይ የሚሸከመው ሕዝቡ ነው። ባለ ብዙ ከብቱም፣ ምንም የሌለውም፣ ሽማግሌውም፣ ኮረዳዋም። "እኔ ንጹሕ ነኝ" ብሎ እጁን እያወዛወዘ የሚወጣ የለም፣ "ዋናው ጥፋተኛ እሱ ነው" ተብሎ ጣት የሚቀሰርበትም የለም።

ጸሎቱ ሲያልቅ፣ ከቀትር በኋላ፣ ጾሙ ይፈታል። በዝማሬ ይወረዳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ከበሮ ይመታል፣ እስክስታ ይቀልጣል። አንዳንዱ ይህን ከጸሎቱ ጋር የማይገናኝ መዝናኛ አድርጎ ያየዋል። ነህምያ ምዕራፍ 8 ላይ ግን ሕዝቡ ሕጉን ሰምቶ ሲያለቅስ አታልቅሱ፣ ሂዱና የሰባውን ብሉ፣ ምንም ላልተዘጋጀለትም ድርሻውን ላኩለት ነው የተባሉት። የሌለው ሳይበላ እንዳያድር ማለት ነው። ንስሐውም ድግሱም የጋራ ነው።

ከዚያ ታሪክ ተገለበጠ። እስራኤል ሰዉን በአውሮፕላን አጓጓዘች፤ በ1984 እና 85 (እ.ኤ.አ.) በዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው እስራኤል ገባ። በሱዳኑ መንገድ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ነው የቀረው፤ በበሽታ፣ በረሃብ፣ በሽፍታ። ዘመናት ሙሉ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው የጸለዩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ደረሱ። ታዲያ ስግድ ላይ አሁን ምን ሊለመን ነው?

ጥያቄው የምር ተነሥቷል፣ "ደርሰናልኮ፣ ይበቃል" ያሉም ነበሩ። ቄሶቹ ግን ቀጠሉ። ቤተ መቅደሱ አልተሠራም፣ ሕዝቡም አልተሰበሰበም፤ ጎንደርና አዲስ አበባ ላይ ዓመታት ሙሉ ጉዞ ሲጠብቅ የኖረ ዘመድ አለ፣ እነሱም ስግድን እዚያው ያከብራሉ። እስራኤል ከገቡ በኋላም ቢሆን አንድ ሕዝብ መሆን በአውሮፕላን ትኬት የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነ ታይቷል። የአገሪቱ ረቢዎች የቄሶቹን ሥልጣን ለመቀበል ሲያቅማሙ ኖረዋል። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ቤተ እስራኤሎች የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ሲጣል እንደነበር ታውቆ ትልቅ ተቃውሞ ተነሥቷል። ይህን ያየ ሰው ስለ አንድነት መጸለይ ጊዜው አልፎበታል ሊል አይችልም።

በ2008 (እ.ኤ.አ.) የእስራኤል ፓርላማ ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አደረገው፤ ዛሬ ትምህርት ቤት ውስጥም ይነገራል። ደስ ይላል። ግን አብሮ የመጣ ጣጣም አለ። አንዳንዱ ቦታ በዓሉ የእንጀራ ቅምሻና የእስክስታ ትርዒት ብቻ ሆኖ ይቀራል። እንጀራው ምን አደረገ፣ እኔም አልጠላውም፤ ነገር ግን ጾሙና ኑዛዜው ሲወጣለት የሚቀረው የባህል ቀን ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ በዓል ነው።

ህዳር ላይ ኢየሩሳሌም ከተገኘህ ዋናው ሥነ ሥርዓት የሚደረገው አርሞን ሃነጺቭ የሚባለው፣ አሮጌውን ከተማ ከላይ የሚያሳየው ሰገነት ላይ ነው። በጠዋት ሂድ። ዘግይተህ ከደረስክ የምታገኘው የፖለቲከኛ ንግግርና ፎቶ የሚነሣ ወጣት ነው። ቄሶቹ ባሉበት በኩል ቁም፣ ግዕዙ ባይገባህ እንኳ አጠገብህ ካሉት እናቶች አንዷ በአማርኛ ታስረዳሃለች፣ ጾሙ ሲፈታም ዳቦ ሳይደርስህ አትመለስም።