ከትምህርት ቤት ውጪ መማር በሰሜን ሸዋ

እዚህ ሰሜን ሸዋ ሲባል በአማራ ክልል ያለው ዞን ነው፤ ደብረ ብርሃንን ዋና ከተማው አድርጎ ከመንዝና ከተጉለት ደጋ እስከ ቀወትና ኤፍራታ ቆላ የሚወርደው። በዚህ አገር ልጅን ቤት አስቀምጦ ማስተማር (ሆምስኩሊንግ)፣ ወይም ጭራሹን ያለ ክፍልና ያለ ደወል በራሱ ፍላጎት እንዲማር መተው (አንስኩሊንግ)፣ እንደ አሜሪካ ስም ወጥቶለት፣ ማኅበር ቆሞለት የሚታይ ነገር አይደለም። ልጅ ከክፍል ውጪ የሚማርበት ሥርዓት ግን ከመደበኛው ትምህርት ቤት በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል፤ ዛሬም ከጎኑ አልጠፋም። ይህን አይቶ «እኛማ ሆምስኩሊንግን ድሮውንም እናውቀዋለን» የሚል አይታጣም። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። የቀረው ግማሽ ግን ተቃራኒው ነው።

ሐሳቡ የመጣበት አገር

አንስኩሊንግ የሚለውን ስም ያስለመደው አሜሪካዊው መምህር ጆን ሆልት ነው። ሆልት ለዓመታት ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ቆይቶ፣ ተማሪዎቹ ነገሩን ከማወቅ ይልቅ መምህሩ የሚፈልገውን መልስ ገምቶ ማምለጥ እንደሚለምዱ ታዘበ፤ ያንንም ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ላወጡ ወላጆች የሚሆን መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ሆምስኩሊንግ ከዚህ ሰፋ ይላል፤ ወላጅ መማሪያ መጽሐፍና የጊዜ ሰሌዳ ይዞ ሳሎኑን ክፍል ሊያደርገው ይችላል። አንስኩሊንግ ሰሌዳውንም ይጥላል፤ ልጁ ስለ ንብ ከጠየቀ ስለ ንብ ይማራል፣ ሰዓት ፈታቶ መግጠም ካማረው ሰዓት ይፈታል፤ ወላጅ ያግዛል እንጂ አያዝም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤት ማስተማር በሁሉም ግዛቶች ሕጋዊ ሆኗል። ጀርመን ውስጥ ግን ልጅ ትምህርት ቤት የመገኘት ግዴታ ስላለበት በመሠረቱ አይፈቀድም።

ሐሳቡ የቆመው በሁለት ነገሮች ላይ ነው፦ ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ይዋል፣ የሚማረውንም ራሱ ይምረጥ። የሸዋን ነባር ትምህርት በእነዚህ በሁለቱ መመዘን ይጠቅማል።

የኔታ ደጅ

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚጀምረው ከንባብ ቤት ነው። ልጁ ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ የኔታ ከተቀመጡበት ዛፍ ወይም አጥር ጥግ ሥር ከእኩዮቹ ጋር ይሰበሰባል። ፊደሉን በስንደዶ ወይም በቀጭን እንጨት እየጠቆመ፣ ጮክ ብሎ ያዜማል፦ ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ፣ ሃ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ህ ሳድስ፣ ሆ ሳብዕ። ልጅ ዜማውን ቶሎ ይይዘዋል፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። አፉ እየሮጠ ዓይኑ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የኔታ ድንገት ያስቆሙትና ከታች ወደ ላይ እንዲወጣ፣ ወይም ከመሐል አንዷን ፊደል ለይቶ እንዲጠራ ያደርጉታል። ያኔ የሸመደደው ከለየው ይለያል። ከፊደል ቀጥሎ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ዳዊት ይመጣል። ንባቡ ራሱ ደረጃ አለው፤ ቁጥር፣ ግእዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እየተባለ ቃሉ ከተቆራረጠ አነባብ ወደ ተስተካከለ ንባብ ይሸጋገራል። ማታ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት ደግሞ የቃል ትምህርት አለ፤ ውዳሴ ማርያምን የመሰለ ጸሎት ከአፍ ወደ ጆሮ እየተላለፈ በቃል ይጠናል።

ዳዊት የደገመ ልጅ ለቤተሰቡ ኩራት ነው፤ አቅሙ ያለው ወላጅ ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ የኔታንና ጎረቤቱን ይጋብዛል። እስከዚህ ድረስ ትምህርቱ ለቤት ቅርብ ነው። ልጁ ጠዋት ተምሮ ከሰዓት ከብት ይጠብቃል፤ ማታ እናቱ ጓዳ ገብቶ ይበላል። ሆምስኩሊንግን የሚመስለው ይህ እርከን ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ በላይ መማር የፈለገ ከቤቱ ይወጣል። ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት በየመንደሩ አይገኝም፤ መምህሩ ወዳለበት አገር መሄድ ግድ ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ፣ ውሻ እያባረረው ይማራል። ከወላጅ ተደብቆ የጠፋ ተማሪም ብዙ ነው፤ ሞፈር ያዝ የተባለ ልጅ ሌሊት ተነስቶ ወደ ቅኔ ቤት ይጠፋል። እንግዲህ ምርጫው የልጁ ነው፣ እንዲያውም ከአንስኩሊንግ በላይ የልጁ ነው፤ ቤተሰብ ግን የለበትም። ጉባኤ ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ምርጫው ያበቃል፤ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው መምህሩ ነው። አለንጋውም የእሳቸው ነው፤ ይህን ማለባበስ አያስፈልግም።

ከቤት ሳይወጣ የተማረ ሰው ከተፈለገ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል አንድ ይሰጠናል። ጻድቁ ቡልጋ ውስጥ ጽላልሽ ተወልደው የመጀመሪያውን ትምህርት የተማሩት ከአባታቸው ከካህኑ ከጸጋ ዘአብ እንደሆነ ይነገራል። የካህን ልጅ ከአባቱ መማሩ ዛሬም ያለ ነገር ነው። ከዘመናዊው ታሪክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1878 መርሐቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አሉ። ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተነስተው፣ ደራሲና አሳታሚ ሆነው፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በእርግጥ አንድ ኅሩይ ከመርሐቤቴ ወጣ ተብሎ የቀረው ሁሉ ተምሯል አይባልም፤ ከንባብ ቤት አልፎ የሚሄደው ጥቂቱ ነበር፣ ሴት ልጅም በአብዛኛው ከዚህ ሰልፍ ውጪ ነበረች።

በይፋት በኩል

ከጣርማበር ቁልቁል ሲወረድ አገሩም ትምህርቱም ይለወጣል። የጥንቱ የይፋት ሱልጣኔት ምድር በሆነው ቆላ፣ በአርጎባና በሌላውም ሙስሊም ማኅበረሰብ ዘንድ ልጅ ቁርኣን የሚቀራው ሼሁ ዘንድ ነው። በእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም ተጽፎለት ይቀራል፤ ሲይዘው ሰሌዳው ታጥቦ ቀጣዩ ይጻፍለታል። ከየኔታ ደጅ ጋር ያለው መመሳሰል ዓይን ያወጣ ነው፦ ጮክ ብሎ መቅራት፣ በቃል መያዝ፣ ቁርኣኑን ቀርቶ የጨረሰ (ያኸተመ) ልጅ በድግስ መከበሩ፣ ከዚያም ለበለጠ እውቀት ወደ ሩቅ ሼህ መሰደዱ። ሁለቱም ዘንድ ማንበብ የሚጀመረው አፍ ባልፈታበት ቋንቋ ነው፤ አንዱ በግእዝ፣ ሌላው በዐረብኛ።

በሥራ መማር

የአንስኩሊንግ ደጋፊዎች ልጅ ትልቅ ሰው ሲሠራ አይቶ ይማራል የሚሉት ነገር በመንዝ ገበሬ ቤት ምንም አዲስ አይደለም። የመንዝ በግ ጠጉር ታጥቦ፣ ተነድፎ፣ በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉ የሴቶች፣ ሽመናው የወንዶች ነው፤ ከዚያ ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ይወጣል። ልጅቷን ማንም «ዛሬ ስለ ፈትል እንማራለን» አይላትም። መጀመሪያ ጠጉሩ ውስጥ የገባውን እሾህና ጭራሮ ትለቅማለች። ቀጥላ እናቷ ያስቀመጠችውን እንዝርት አንስታ ትሞክራለች፤ ክሩ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይበጠሳል። እናት ትቆጣለች ወይም ትስቃለች፤ የተበጠሰውን ቀጥላ መልሳ ትሰጣታለች። የተበላሸው ፈትል አይጣልም፤ ለማይታይ ነገር ይውላል።

በጅሩ ደግሞ ዋልካው ምድር በክረምት ውኃ ስለሚይዝ ገበሬው መደብና ቦይ አውጥቶ ነው የሚዘራው። በእነዋሪ አካባቢ ይህ ሥራ በእጅ ሲሠራ ቤተሰቡ በሙሉ ማሳ ይወርዳል፤ ልጁ ውኃ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው ጭቃው ውስጥ ቆሞ ነው። የጅሩ ሰንጋም እንዲሁ ቤት ውስጥ ታስሮ የሚደልበው በቤተሰቡ እጅ ነው፤ ድርቆሹን መቼ፣ ክኩን መቼ እንደሚሰጡ ልጆች ከአባታቸው እኩል ያውቁታል።

እረኝነትን ለብቻው ማንሳት ይገባል። እረኛ ከብት ሲጠብቅ ዝም ብሎ አይውልም፤ ዋሽንት ይሠራል፣ ገና ይጫወታል፣ የሣሩን ስም ከነጥቅሙ ይለያል። ጓሳ ከተባለው የመንዝ ሣር ምድር አጠገብ ያደገ ልጅ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን የሚያውቀው በሥዕል አይደለም። ግጦሹና የቤት ክዳን ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ የሚከፈትበት የመንዝ ነባር ደንብም ለልጅ የደረሰው በጽሑፍ ሳይሆን «እዚያ እንዳታስገባ» በሚል ትእዛዝ ነበር።

ማታ ደግሞ እሳት ዳር እንቆቅልሽ አለ። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይባላል፤ መልሱ ያቃተው አገር ይሰጣል። ደብረ ሲናን ሰጠሁህ ቢል ጠያቂው አልቀበልም ሊል ይችላል፤ አንኮበርን ካልሰጠኸኝ ብሎ ይደራደራል። አንድ ልጅ ሰምቶት የማያውቀውን አገር መስጠት ስለማይችል ካርታ በሌለበት ቤት የአገር ስም የሚጠናው በዚህ ጨዋታ ነው። ጂኦግራፊን ከዚህ በተሻለ ዘዴ ያስተማረ መምህር እምብዛም ነው።

ይህን ሁሉ ግን ነፃነት ብሎ መጥራት አይቻልም። ልጁ የሚሠራው ቤቱ ጉልበቱን ስለሚፈልግ ነው። ከብት መጠበቅ ሰለቸኝ ብሎ ወደ ሌላ የሚሻገርበት ዕድል የለውም። ሴት ልጅ «ቤት ትማር» ስትባል ብዙ ጊዜ ትርጉሙ ውኃ ቅጂ፣ ሕፃን እዘይ፣ ቶሎ ተዳሪ ነው፤ ሕጉ የጋብቻ ዕድሜን 18 ቢያደርገውም። ከውጭ የመጣውን ሐሳብ ለዚህ ሽፋን ማድረግ ሐሳቡንም ልጅቷንም መበደል ነው።

ትምህርት ቤት ከመጣ በኋላ

በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከተከፈተ ወዲህ ዘመናዊው ትምህርት ወደ አውራጃ ለመድረስ ጊዜ ወስዶበታል። ዛሬ አንደኛ ደረጃ በየቀበሌው ቀርቧል፤ ሁለተኛ ደረጃ ግን አሁንም ለብዙው የገጠር ልጅ ሩቅ ነው። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ወረዳው ከተማ ወርዶ ከጓደኞቹ ጋር ክፍል ይከራያል። ቅዳሜ ወደ ቤቱ ወጥቶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ለሳምንት የሚበቃ እንጀራ። የጥንቱ ተማሪ አኩፋዳ ይዞ ለምኖ እንደበላ የዛሬው ስንቅ ተሸክሞ ይበላል፤ በሁለቱም ዘመን እውቀት የሚገኘው ከቤት በመራቅ ነው። ለሸዋ ወላጅ ልጅ ቤት ተቀምጦ ይማር ማለት ግር የሚለውም ለዚህ ይመስለኛል። ቤት የቀረ ልጅ በአገሩ ዓይን ያልተማረ ልጅ ነው።

ከተማ ውስጥ፣ በተለይ ደብረ ብርሃን ላይ፣ አስጠኚ መቅጠር የተለመደ ነው። አስጠኚው ከሰዓት በኋላ ቤት እየመጣ የክፍሉን ትምህርት ይደግማል፤ ትምህርት ቤትን ይደግፋል እንጂ አይተካም። «ከልጅ ለልጅ» የተባለው አሠራር ደግሞ ከፍ ያሉ ተማሪዎች አንደኛ ክፍል ላልደረሱ ሕፃናት ፊደልና ቁጥር በጨዋታ የሚያስለምዱበት ነው። ታላቅ ታናሹን ማስተማሩ የቤት ልማድ ስለሆነ ሐሳቡ ለማንም እንግዳ አልነበረም።

ሳይፈልጉ ቤት ማስተማር የመጣው በቅርብ ዓመታት ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ትምህርት ወደ ሬዲዮ፣ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ቴሌግራም ዞረ፤ ስልክና መብራት ያለው ቤት ልጅ ጥቂት አገኘ፣ የሌለው እረኝነቱ ላይ ዋለ። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ክፍሎች ባዶ ቀሩ፤ ደብረ ብርሃንም በተፈናቃይ ተሞላች። በዚያው ሰሞን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በአገር ደረጃ ለአንድ ሳምንት ትምህርት አቋርጠው የዘማች ሰብል እንዲሰበስቡ ተደርጎ ነበር። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ደጋግመው ተዘግተዋል። በእነዚህ ወራት መጻፍ የሚችል አባት፣ አሥረኛ ክፍል ደርሳ የቀረች እህት፣ ሥራ የፈታ መምህር ልጆቹን ሰብስቦ ያስጠናበት ቤት ጥቂት አይደለም። ይህ ግን ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጁን መልሶ ለመላክ የሚደረግ ጥበቃ ነው እንጂ ትምህርት ቤትን መቃወም አይደለም።

የወረቀት ጉዳይ

በኢትዮጵያ ሥርዓት ልጅን ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሸጋግረው ሰርተፊኬት ነው። ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ክልላዊ ፈተና አለ፤ አሥራ ሁለተኛ ላይ ብሔራዊው። የማታና የርቀት ትምህርት ዕድሜው ላለፈ መንገድ ይከፍታል፤ በግል ተፈታኝነት መቀመጥም አለ፤ ሆኖም ሁሉም ቀድሞ የተያዘ የትምህርት ማስረጃ ይጠይቃሉ። ከውጭ አገር ሥርዓተ ትምህርት ገዝቶ በኢንተርኔት ልጁን ቤት የሚያስተምር ወላጅ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ቢያውቅም እውቀቱን የሚመሰክርለት ወረቀት ከአገር ውስጥ አያገኝም። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ነገሩን የሚያስብ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ልጁን ትምህርት ቤት አስመዝግቦ፣ የሚወደውን ነገር ቅዳሜና እሑድ፣ ክረምትና ማታ ማስተማርን ነው። ቅኔ የሚፈልገውም ልጅ አሁን አሁን እንዲሁ ያደርጋል፤ ቀን አስኳላ፣ ማታ የኔታ ዘንድ።