ራሱን የሚፈጽም ትንቢት ምንድን ነው?

የልደት ቀኗ ገደ ቢስ እንደሆነ የምታምን ሴት በፍቅር ኮሜዲ ፊልም ላይ በታየች ቁጥር፣ አንድ ተንታኝ ብቅ ይልና «ይህ ራሱን የሚፈጽም ትንቢት ነው» ይላል። ዝናብ ወርዶ ቀሚሷ ቢበሰብስም፣ ኬኩ ከአስተናጋጁ እጅ ቢወድቅም ለእሱ ሁሉም ያው ነው። ዝናቡ ግን እምነቷን ሰምቶ አልዘነበም።

የሶሲዮሎጂ ሊቁ ሮበርት ሜርተን እ.ኤ.አ. በ1948 ያስቀመጠው መስፈርት ጥብቅ ነው፦ መነሻው እምነት ሐሰት መሆን፣ ሐሰቱ የሰዎችን ድርጊት መለወጥ፣ የተለወጠውም ድርጊት ሐሰቱን እውነት ማድረግ አለበት። የሜርተን ምሳሌ ባንክ ነው፤ ጤነኛው ባንክ ሊከስር ነው የሚል ወሬ ይናፈሳል፣ ደንበኞች ገንዘባቸውን ለማውጣት ይሰለፋሉ፣ ባንኩም በሰልፉ ሳቢያ ይከስራል። እንግዲህ በልደቷ ቀን ሰልፉ የቱ ጋ እንዳለ መፈለግ ነው። የእራት ግብዣውን ሰርዛ፣ ስልኳን አጥፍታ፣ መጋረጃውን ጋርዳ ስትቀመጥ፣ አበባ ይዞ በሯን ሲያንኳኳ የቆየው ሰው «አልፈለገችኝም» ብሎ ቢመለስ፣ ገንዘቡን ያወጣው ደንበኛ እሱ ነው፤ ወሬውን ሰምታ መስኮቱን አስቀድማ የዘጋችው ገንዘብ ከፋይ ደግሞ ራሷ ናት። የወደቀው ኬክ ግን የባንኩን መስታወት የሰበረ በረዶ ነው፤ ወሬው ኖረም አልኖረም ይወርድ ነበር። ኬኩን የገደ ቢስነት ማስረጃ የሚያደርገው እምነቷን የሚደግፈውን ብቻ መርጣ ማስታወሷ ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው።

በጃፓን «የእሳት ፈረስ» በሚባለው፣ በየ60 ዓመቱ በሚመጣው ዓመት የተወለደች ሴት ባሏን ለጥፋት ትዳርጋለች ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተወለዱት ሕፃናት ቁጥር ከቀደመው ዓመት በሩብ ያህል ቀንሷል። ይህንንም ቢሆን ተንታኙ ለራሱ ማስረጃ እንዳያደርገው እሰጋለሁ፦ ቅነሳው እምነቱ ድርጊትን መለወጡን እንጂ ትንቢቱ መፈጸሙን አያሳይም። ተፈጸመ የሚባለው፣ በዚያ ዓመት የተወለደችን ሚስት የባሏ ወገኖች በጥርጣሬ እያዩ ትዳሩን ራሳቸው ቢያፈርሱት ነው።

በመጨረሻው ትዕይንት በልደቷ ቀን ፍቅረኛ ስላገኘች «ትንቢቱ ከሸፈ» ማለትም አያስኬድም። ቀኑ ከገደ ቢስነት ወደ ገደኛነት ተዛወረ እንጂ፣ ቀን ዕጣ ይወስናል የሚለው እምነቷ አልተነካም፤ ሜርተን ደግሞ ዑደቱ የሚሰበረው መነሻው እምነት ሲጣል ነው ይላል። እንግዶቿን ጠርታ፣ ዝናቡም ዘንቦ፣ እሷም ዝናብ ብቻ ነው ብላ ወንበሮቹን ወደ ውስጥ የምታስገባበት ትዕይንት ካለ ግን ስለ መክሸፍ መነጋገር ይቻላል።