«ሃይ» ማለት ሞቀ ማለት አይደለም፦ ስለ ካምቢዮ ዘይት ሙቀት ሴንሰር የሚወሩ ስህተቶች

ባለፈው ኅዳር አንድ ጓደኛዬ ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጣ ቼክ ኢንጂን በራበት። መኪናው አውቶማቲክ ነው። ጋራዥ ወሰደው፣ ስካነር ተሰካ፣ ፒ0713 የሚል፣ የካምቢዮ ዘይቱን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር መስመር ላይ ችግር አለ የሚል ኮድ ወጣ። «የካምቢዮ ዘይትህ ግሏል፣ ይቀየር» አሉት። ዘይቱ ተቀየረ። መብራቱ በማግስቱ ተመልሶ መጣ። እኔ ጋ የደወለው ያኔ ነው፤ ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው።

«ኮዱ ‹ሃይ› ካለ ዘይቱ ግሏል»

ብዙ ገንዘብ የሚያስበላው ይሄ ነው። ስካነሩ ፒ0713ን «ሃይ ኢንፑት» (ከፍ ያለ ግብዓት) ብሎ ይጽፈዋል። ከፍ ያለው ግን ቮልቴጁ እንጂ ሙቀቱ አይደለም። በአብዛኞቹ መኪኖች ይህ ሴንሰር ሲሞቅ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሙ) ይቀንሳል። ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይልክና የሚቀረውን ያነባል፤ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ከፍ ይላል፣ ሲሞቅ ይወርዳል። ገመድ ከተበጠሰ ወይም ሶኬት ከላላ ደግሞ ቮልቱ ጣሪያ ይነካል፣ ኮምፒውተሩም ዘይቱ በረዶ የሆነ ይመስለዋል። የጓደኛዬን መኪና ስካን ሳደርግ ስክሪኑ ላይ ያየሁት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ነበር። አዲስ አበባ፣ በጠራራ ፀሐይ!

ፒ0712 ግልባጩ ነው። መስመሩ ከቦዲ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር ሲነካካ ቮልቱ ይወርድና ዘይቱ የተቀቀለ ያስመስለዋል።

«ኮዱ የጠራው ሴንሰር ይቀየር»

ኮዱ የሚከሰው መስመሩን በሙሉ ነው፤ ሴንሰሩን፣ ገመዱን፣ ሶኬቱን፣ አንዳንዴም ኮምፒውተሩን። ጥፋተኛውን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ቁልፉን ከፍተህ ሞተር ሳታስነሳ ሶኬቱን ንቀል፤ ንባቡ ከዜሮ በታች 40 መውረድ አለበት። ከዚያ በገመዱ በኩል ያሉትን ሁለቱን የሴንሰር መስመሮች በአጭር ሽቦ አገናኛቸው፤ ንባቡ ወደ ከፍተኛ ሙቀት መዝለል አለበት። ሁለቱም ከሆኑ ገመዱና ኮምፒውተሩ ደህና ናቸው። ግን ተጠንቀቅ! በብዙ መኪና ሴንሰሩ ካምቢዮው ውስጥ፣ ዘይቱን በሚያከፋፍለው ቫልቭ ቦዲ ላይ ስለሆነ የሶሌኖይዶቹም (በኤሌክትሪክ የሚሠሩት የዘይት ቫልቮች) ገመድ በዚያው ሶኬት ያልፋል። የትኛው ፒን የማን እንደሆነ ሳታውቅ ሽቦ አትስካ።

የጓደኛዬ ንባብ ስናገናኘው ዘለለ። ስለዚህ ገመዱ ነፃ ወጣ። ሶኬቱን በባትሪ ብርሃን አየሁት፦ አንዷ ፒን አረንጓዴ ለብሳለች። ክረምቱን ውሃ ሲገባባት ከርሟል። ጠረግናት፣ አጠበቅናት፣ ንባቡ ተስተካከለ። ሴንሰሩ ምንም አልሆነም ነበር። ዘይቱም።

«መብራት ካልበራ ሴንሰሩ ደህና ነው»

ሴንሰር ሳይሞትም ይዋሻል። 30 ዲግሪ አሳስቶ ካነበበ ቁጥሩ የሚታመን ስለሚመስል ኮምፒውተሩ ቶሎ ላይነቃበት ይችላል። ውሸቱ የሚያዘው ጠዋት ነው። መኪናው ሌሊቱን ከቆመ በኋላ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ የሞተሩን ውሃና የካምቢዮ ዘይቱን ሙቀት ጎን ለጎን አንብብ። ሁለቱም ከውጪው አየር ጋር ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። የኅዳር ጠዋት ብርድ ላይ ውሃው 12፣ ዘይቱ 45 ካለህ አንዱ ውሸታም ነው። ከዚያ ንዳውና ተመልከት፤ ቁጥሩ ቀስ እያለ መውጣት እንጂ መዝለል የለበትም።

«አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነ ካምቢዮ አይግልም፣ ከፍ ካለ ሴንሰሩ ነው»

ይሄኛው አደገኛ ነው። የመኪና ሰልፍ ውስጥ ቆም፣ ሄድ ስትል ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈው) ዘይቱን እየበጠበጠ ያሞቀዋል፤ ነፋስም የለም። ንባቡ ከፍ ካለ መጀመሪያ እመነው፣ ከዚያ የካምቢዮውን የሥር የዘይት መያዣ በኢንፍራሬድ መለኪያ አረጋግጥ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈውን የግንባር መለኪያ ግን ተወው፤ እሱ የተሠራው ለሰው ትኩሳት ነው።

«ሴንሰሩን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት»

አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። የሥሩን የዘይት መያዣ መፍታት ይበቃል። ሴንሰሩ ከውስጥ ገመዱ ጋር አንድ ላይ የሚሸጥበት መኪናም አለ።

«ሶማሌ ተራ የሚሸጥ አሮጌ ሴንሰር የእድል ጉዳይ ነው»

የእድል ጉዳይ የሚሆነው ሳይለካ ከተገዛ ነው። እኔ ቴስተር ይዤ ነው የምሄድ። አንዴ ከጎን ካለች ሻይ ቤት የፈላ ውሃ በብርጭቆ አስመጣሁ። በነገራችን ላይ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የመኪናው ማንዋል ላይ ያለውን የ100 ዲግሪ ቁጥር እንዳለ አትጠብቅ። ሴንሰሩን ስነክረው ሻጩ «ወንድሜ፣ ሻይ ቅጠል መሰለህ እንዴ?» አለ። ቴስተሩ ላይ ሬዚስታንሱ ከ3,500 ኦም ተነስቶ ሳይዘል፣ ሳይቆም እስከ 500 አካባቢ ወረደ። ሻጩም አየ። ዋጋ ጨመረብኝ።