መዝሀብ፣ ጠሪቃና ቅሬ፦ የወሎ ሙስሊሞች ልዩነትና አብሮነት

የወሎ ሙስሊም በአብዛኛው ሱኒ ነው። የሱኒና የሺዓ ክፍፍል እዚህ ብዙም ወሬ የለውም። ልዩነት የሚነሳው እዚያው ሱኒው ውስጥ ነው።

ከሁሉም ቀላሉ የመዝሀብ (የሃይማኖት ሕግ መንገድ) ልዩነት ነው። ሻፊዒይና ሀነፊ ጎን ለጎን ኖረዋል። ሻፊዒዩ ሱብሂ (የንጋት ሶላት) ላይ ቆሞ ቁኑት የሚባለውን ዱዓ ያደርጋል፣ ሀነፊው አያደርግም። ሀነፊው ሻፊዒይ ኢማም ተከትሎ ከሰገደ፣ ቁኑቱ እስኪያልቅ ዝም ብሎ ይቆማል። በቃ፣ ጠብ የለም።

ይህን ያለዘበው በአብዛኛው የደረሳ (የሃይማኖት ተማሪ) ኑሮ ይመስለኛል። ደረሳ አንድ ሸህ ጋ ተቀምጦ ዕውቀቱን አይጨርስም። ፊቅሁን (የሃይማኖት ሕጉን) አንድ ቦታ፣ ነህዉን (የዐረብኛ ሰዋስው) ሌላ ቦታ፣ ተፍሲሩን (የቁርኣን ትርጓሜ) ደግሞ ራቅ ብሎ ይቀራል፣ ማለትም ይማራል። ቀለቡን የሚችለው የአገሬው ሰው ነው። በዚህ መሀል ከሌላ መዝሀብ ሸህ ፊት ይቀመጣል፣ ከሌላ ጠሪቃ (የሱፊ መንገድ) ሙሪድ (ተከታይ) ጋር ጎጆ ይጋራል። ኪታብ ያስቀራህን ሰው ደግሞ በኋላ ተነስቶ «ጠማማ ነው» ማለት ይከብዳል።

ጠሪቃውም ብዙ ነው። ጀማ ንጉሥ የተባለውን የሃይማኖት ማዕከል ያቀኑት ሸህ ሙሐመድ ሻፊ የቃዲሪያ ጠሪቃ ሰው ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉ በሚባለው አገር፣ ጌታ በተባለ ቦታ የነበሩት ሰይድ ቡሽራ ደግሞ በሰማኒያ ጠሪቃ ይታወቃሉ። ቲጃኒያም ተከታይ አለው። መውሊድ ሲደርስ ግን የማን ሙሪድ ነህ ብሎ በር ላይ የሚጠይቅ የለም። መንዙማው (የውዳሴ ግጥሙ) በዐረብኛም በአማርኛም ይባላል፣ ሁሉም «አሚን» ይላል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመሩት ከ1870 ዓ.ም የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ሃይማኖት ቀይሩ የሚለው ጫና ሲመጣም የቃዲሪያ፣ የሰማኒያ ብሎ አልለየም።

ከበድ ያለው የሱፊና የሰለፊ (ወደ ቀደምቶቹ ሙስሊሞች መንገድ እንመለስ የሚለው ወገን) ጉዳይ ነው። ከ1983 ዓ.ም ወዲህ የሃይማኖት ነፃነቱ ሲሰፋ፣ ውጭ የተማሩና ከዐረብ አገር የተመለሱ ሰዎች ዚያራን (የሸሆች መቃብር ጉብኝት)፣ ወዳጃን (የጋራ ዱዓ) እና መውሊድን ቢድዓ (ኋላ የተፈጠረ ነገር)፣ አንዳንዱንም ሽርክ (በአላህ ማጋራት) ይሉ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ይህን እንደ ስድብ ሰሙት። ለነገሩ፣ ልጅ አባቱን «ሙሽሪክ» (በአላህ የሚያጋራ) ሲል ማን ዝም ይላል?

ነገሩን ያባሰው የመንግሥት እጅ ነው። በ2003 እና 2004 ዓ.ም ከሊባኖስ የመጣውንና ሰለፊዎችን የሚቃወመውን የአህባሽ አስተምህሮ ከላይ ለመጫን ተሞክሯል በሚል ተቃውሞው «ድምፃችን ይሰማ» ብሎ አገር አቀፍ ሆነ። ደሴ ውስጥም ተሰማ። በ2005 ዓ.ም መጨረሻ አንድ ታዋቂ ሸህ እዚያው ከተማ ተገደሉ። ያን ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን ጠረጠረ።

መስመሩ የተቀየረው ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም ነው። የቀድሞው የመጅሊስ (የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት) አመራር ለቀቀ፣ ከሱፊውም ከሰለፊውም የተውጣጣ የዑለማ ምክር ቤት ተቋቋመ፣ ሙፍቲ ሐጂ ዑመር እድሪስ መሪ ሆኑ። ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 1207/2012 ለመጅሊሱ ሕጋዊ ሰውነት ሰጠው። ሁሉም ነገር አልተፈታም። ዛሬም ጭቅጭቁ ብዙውን ጊዜ ከዐቂዳው (ከእምነቱ መሠረት) በላይ መስጂዱን ማን ያስተዳድር፣ ኹጥባውን (የጁምዓ ስብከቱን) ማን ያድርግ የሚለው ነው።

ታች ሰፈር ግን ቅሬ አለ፤ ሌላው አገር እድር የሚለው። ቅሬ የዐቂዳ ፈተና አይሰጥም፤ በብዙ ቦታ ክርስቲያኑም አባል ነው። መውሊድ የማይሄደው ሰው ቀብር ላይ አፈር ይመልሳል፣ መዋጮውን ይከፍላል። ለሟች ሰደቃ ሲወጣ ግን ባያምንበት ይቀራል፣ ቅሬውም ለዚያ አይቀጣውም።