በጎጃም የታጠቁ ሰዎች እርቅ፣ ከዘመነ መሳፍንት እስከ አርበኞቹ

ጎጃም ውስጥ ሁለት ጠመንጃ የያዙ ቡድኖች ከተጣሉ በኋላ ሲስማሙ ሰው ሁሉ "ታረቁ" ይላል፣ ግን ብዙ ጊዜ እርቅ የሚባል ነገር የለውም፣ አንዱ ባንዱ ግዛት እንዳይገባ መተሳሰር ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ ያው ነው፣ ይሄን ወረዳ ማን ያዛል፣ የማን ጦር ከየትኛው ገበሬ ስንቅ ይቀበላል። ታሪክ ሲወራ ጀግንነቱ ላይ ብቻ ስለሚተኮር ይሄኛው ይረሳል፣ ለኔ ግን ከውጊያው ይልቅ ብዙ የሚናገረው ይሄ ነው።

አሰራሩ ያው በሰፈር የደም እርቅ የምናውቀው ነው፣ ለየት ያለ ነገር የለውም፣ የሰዉ ብዛትና መሳሪያው ካልሆነ በስተቀር። መጀመሪያ ሽማግሌ ይላካል፣ ሽማግሌው ከሁለቱም ወገን ዘመድ ያለው ቢሆን ይመረጣል፣ ካህን ደሞ የግድ አለበት። ቀጠሮው ከሁለቱም ሰፈር ራቅ ያለ ቦታ ላይ ይሆናል፣ ቤተክርስቲያን አጠገብ ወይ ትልቅ ዛፍ ስር። ሁለቱ ወገን ለየብቻ ይቀመጣል፣ መሀል ላይ ሽማግሌዎቹ፣ ሁሉም አይኑ የሌላው ወገን ጠመንጃ ላይ ነው። በዳይ የተባለው ድንጋይ ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ይመጣና መሬት ላይ ይወድቃል፣ ተበዳዩ ፊቱን ያዞራል፣ ሽማግሌዎቹ "ስለ ማርያም" እያሉ እግሩ ስር ይወድቃሉ፣ እንደገና እምቢ ይላል፣ ይሄ እምቢታ ራሱ የስርአቱ አካል ነው፣ ቶሎ እሺ ያለ ሰው ደሙን አቀለለ ስለሚባል ማለት ነው። ደም ካለ ካሳው ሳይነገር ወደሌላ ጉዳይ አይታለፍም፣ የወንድሙን ገዳይ አጠገቡ አስቀምጦ ስለ ድንበር የሚነጋገር ሰው የለም።

ከዚያ ማሰሪያው ይመጣል። መሀላ አለ፣ ካህኑ መስቀል ይዞ ያፈረሰውን ይገዝታል፣ ግዝት ደሞ በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም፣ የተገዘተ ሰው ሲሞት እንኳ ፍትሀት አያገኝም። ዋስም ይጠራል፣ ዋስ የሆነው ሰው ከብቱና ክብሩ የተያዘበት ስለሆነ ከማንም በላይ ስምምነቱን የሚጠብቀው እሱ ነው። ጠበቅ ማለት ሲፈለግ ጋብቻ ይጨመራል፣ ልጄን ለልጅህ፣ ወይ ልጄን ላንተ። ልጅቷን የጠየቀ የለም እንግዲህ።

ግን ጋብቻም ሆነ ደም ሁልጊዜ አያስርም። ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴና ልጃቸው ብሩ ጎሹ አባትና ልጅ ሆነው ጎጃምን ሲሻሙ የኖሩ ናቸው፣ አንዴ ይታረቃሉ አንዴ ይዋጋሉ፣ በመጨረሻ ጎሹ 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ በካሳ፣ ማለትም ኋላ አፄ ቴዎድሮስ በተባለው፣ ጦር ተገደሉ፣ ብሩም ብዙ ሳይቆይ በካሳ እጅ ወደቀና አመታት በእስር ቆየ። ሁለቱንም የጨረሰው ሶስተኛ ሰው ነው።

ጉዳዩ በደንብ የሚታየው ግን በጣልያን ጊዜ ነው። ጎጃም ውስጥ አርበኛው አንድ ጦር አልነበረም፣ እያንዳንዱ የራሱ አገርና ተከታይ ነበረው፣ ነጋሽ በዛብህ ወደ ቡሬ፣ መንገሻ ጀምበሬ ወደ ዳንግላ አቅጣጫ፣ በላይ ዘለቀ ቢቸና፣ ኃይሉ በለው ደሞ ሌላ ሀይል። ጠላታቸው አንድ ሆኖ እርስ በርስ ግን ይጠባበቁ ነበር፣ ነጋሽ የጎጃሙ ንጉስ ተክለሃይማኖት የልጅ ልጅ ነው፣ በላይ በጠመንጃው የወጣ ሰው ነው፣ በዘር የመጣና በጉልበት የመጣ ደሞ በቀላሉ አይዋደድም። 1932 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ሚሽን 101 የሚባለውን ትንሽ ቡድን ይዞ ከሱዳን ሲገባ መጀመሪያ ከገጠሙት ስራዎች አንዱ ይሄው ማስታረቅ ሆነ። የንጉሱ የኃይለ ሥላሴ እንደራሴ ሆነው አብረው የነበሩት አዛዥ ከበደ ተሰማ ናቸው፣ እና በ1933 መጀመሪያ መንገሻና ነጋሽ በጣልያን ላይ ለመተባበር ፈረሙ። በወረቀት መፈረሙ አዲስ ይመስላል እንጂ ክብደት የሰጠው ከጀርባው የንጉሱ ስም መኖሩ ነው፣ ሁለቱም ነገ ማን እንደሚሾም ያውቃሉ።

ጣልያኖችም ዝም አላሉም፣ በዚያው አመት ጄኔራል ናሲ የዚያው የጎጃሙን ንጉስ ልጅ ራስ ኃይሉ ተክለሃይማኖትን ወደ ጎጃም መለሳቸው፣ ምክንያቱም የሳቸው ቃል ብዙ ቦታ ከጣልያን መድፍ በላይ ይሰራ ነበር። ውጤቱ 1933 መጋቢት መጨረሻ ላይ ታየ። ከደብረ ማርቆስ የሸሸው የጣልያን ጦር አባይን ለመሻገር ሸፈርታክ ሲደርስ እዚያ ያደፈጠው የበላይ ዘለቀ ሰው ሊጨርሰው ይችል ነበር፣ አልነካውም። ራስ ኃይሉ ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ስለገቡለት ነው ይባላል፣ እንግሊዞቹም እንደዚያ ነው የፃፉት፣ ለኔም የሚገርም አይደለም፣ ባላባት ያልሆነ ሰው የንጉስ ቤት አማች ሲሆን ምን እንደሚያገኝ ግልፅ ነው። ጦሩ ተሻገረ፣ እንግሊዞቹና አርበኞቹ እስከ ግንቦት ድረስ ተከታትለው ወሎ ውስጥ አጊባር ላይ ማረኩት፣ ለዚያውም ሌላ ዙር ውጊያ ጠይቆ።

ከነፃነት በኋላ እነዚህ ውሎች የሚጠብቃቸው ጠፋ፣ ሹመት ከአዲስ አበባ ይመጣ ጀመር። ኃይሉ በለው ራስ ሆኑ፣ በላይ ደጃዝማችነትና ቢቸና ደረሰው፣ ይሄም አልዋጥ አለው፣ ሸፈተና ተያዘ፣ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አብሮት ከተሰቀሉት አንዱ የራስ ኃይሉ ተክለሃይማኖት ልጅ ማሞ ኃይሉ ነበር፣ በጣልያን ጊዜ በተቃራኒ ወገን የተሰለፈው። ነጋሽ በዛብህ ደሞ ቢትወደድ ተብሎ ከፍ ካለ በኋላ በ1943 በንጉሱ ላይ አሲረሃል ተብሎ ታሰረ።