አረጋውያን፣ ውፍረትና ኢንፌክሽን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ሞላ ያሉ አዛውንት ሲታዩ «ደልቷቸዋል» ይባላል፤ ለከሲታው ይታዘናል። ስለዚህ ቤተሰብ የሚጨነቀው ሲከሱ ብቻ ነው።

«ስቡ ለክፉ ቀን ስንቅ ነው»

በእርጅና ስንቅ የሚሆነው ጡንቻ ነው። ሆድ ውስጥ የተከማቸ ስብ ሰውነትን የሚያስቆጡ ኬሚካሎችን ቀን ከሌት ወደ ደም ይለቅቃል። በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት በዚህ ሲባክኑ ስለሚከርሙ እውነተኛ ጀርም ሲገባ ዘግይተውና ደክመው ይነሳሉ። ዕድሜም በራሱ ያዳክማቸዋል። በዚያ ላይ ቦርጭ በጀርባ ሲተኙ ሳንባን ከታች ይገፋል፤ የታችኛው ክፍል በደንብ ስለማይከፈት አክታ ይጠራቀምና ለሳንባ ምች ይመቻል። ጉንፋን የያዛቸውን ወፍራም አዛውንት በትራስ ደግፎ ማስቀመጥ፣ አቅም ካላቸውም በየሰዓቱ ጥቂት ማራመድ ይጠቅማል።

«ውፍረት በዓይን ይታወቃል»

ሁልጊዜ አይታወቅም። ለማወቅ ክብደትን በኪሎ ይዞ ለቁመት (በሜትር) ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው፤ 77 ኪሎ የሚመዝኑና 1.60 ሜትር የሆኑ እናት ውጤታቸው 30 ገደማ ይሆናል፤ ከ30 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። አረጋውያን ግን ጡንቻ ስለሚያጡ ሚዛን ያታልላል። የልብስ ሰፊ ሜትር ይሻላል፦ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል፣ ትንፋሽ ካስወጡ በኋላ ይለካል። ሴት ከ88፣ ወንድ ከ102 ሳንቲ ሜትር ካለፉ አደጋው ከፍ ብሏል።

«ሽፍታው ከሙቀት ነው፤ ቫዝሊን ይበቃዋል»

በጅማ ክረምት ብዙ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከጡት ሥር፣ ከቦርጭ ሥርና ብሽሽት ውስጥ ቆዳ ከቆዳ ይፋተጋል፤ ላቡ አይደርቅም፤ ፈንገስ ይራባል። ቅባት እርጥበቱን አምቆ ያባብሰዋል። በለብ ያለ ውኃና በማይቆጠቁጥ ሳሙና አጥቦ፣ ሳያሹ እየጫኑ ማድረቅ፣ ከዚያ ንጹሕ ስስ የጥጥ ጨርቅ በእጥፋቱ መሐል አድርጎ በረጠበ ቁጥር መቀየር ነው።

እግርም እንዲሁ። ከሂርማታ ገበያ በጭቃ የተመለሰ እግር ታጥቦ የጣቶቹ መሐል ካልደረቀ ይሰነጠቃል፤ ባክቴሪያም በስንጥቁ ገብቶ ባት ድረስ ይዘልቃል። ቦርጭ ያላቸው ሰዎች ጎንበስ ብለው እግራቸውን ማየት ስለሚከብዳቸው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በየማታው ይይላቸው። ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ከጋለ ወይም መግል ከያዘ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

«ወፍራም ሰው ቲቢ አይዘውም»

ግማሽ እውነት ነው፤ ቲቢ ቀጫጭኖችን ይበልጥ ያጠቃል። ነገር ግን ውፍረት የስኳር በሽታን ያመጣል፤ ስኳር ደግሞ ለቲቢ ያጋልጣል። ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳል ወፍራምም ቢሆኑ ምርመራ ይፈልጋል።

«ካላተኮሳቸው ኢንፌክሽን የለም»

አረጋውያን ሳንባ ምች ይዟቸውም ላያተኩሳቸው ይችላል። ድንገት መደናገር፣ ምግብ እንቢ ማለት፣ መውደቅ ወይም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ምልክት ነው።

«እንግዲያው ምግብ ይቀነስባቸው»

ይህ ከሁሉም ያሳስባል። አረጋዊ ሲራብ ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይሄዳል። ለ77 ኪሎ ሰው በስድስት ወር 4 ኪሎ ገደማ መቀነስ ይበቃል። መጀመሪያ የሚነካው የቡናው ስኳር ይሁን፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከተፈላ 12 ማንኪያ፣ 48 ግራም ገደማ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይመረጣል ይላል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንቁላሉና አይቡ አይነኩ። ከወንበር ተነስቶ መቀመጥን 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ ይለማመዱ፤ የሚደግፋቸው ሰው አጠገባቸው ይሁን። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አመጋገብ ከመቀየራቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። ሳይሞክሩ ኪሏቸው ከወረደ ግን «እሰይ፣ ቀነሱ» አይባልም፤ ይመርመሩ።